ከስፔሻሊቲ በኋላ ወደ ጎጃም ወረዳ ሆስፒታል፦ ያገለገላችሁ ምከሩኝ

አዊ ተወልጄ (ሰኞ ማታ)

ጤና ይስጥልኝ። የማኅፀንና ፅንስ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርቴን በሚቀጥለው ወር እጨርሳለሁ። ተወልጄ ያደግሁት አዊ ነው፤ አራቱን ዓመት የተማርኩት ባሕር ዳር። አሁን ሁለት ምርጫ አለኝ። አንዱ አዲስ አበባ የሚገኝ የግል ሆስፒታል ነው። ደመወዙ ጥሩ ነው፤ ሌሊት ሲጨንቀኝ የምጠራው አንጋፋ ሐኪምም አለ። ሌላው ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ ያለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። ሄጄ አይቼዋለሁ። አዋላጆቹ ትጉ ናቸው፤ የማዋለጃ ክፍሉም ንጹሕ ነው። የማኅፀን ሐኪም ግን እስከ ዛሬ ኖሮት አያውቅም።

ለምን ልቤ ወደዚያ እንዳዘነበለ ልንገራችሁ። ሦስተኛ ዓመት ሬዚደንት ሳለሁ አንዲት ወላድ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጣች። ባሏ በላስቲክ የጠቀለለ ወረቀት ሰጠኝ። ሦስት የሪፈር ወረቀቶች በአንድ ስፒል ተያይዘዋል። የመጀመሪያው ከጤና ጣቢያ የተጻፈው በዋዜማው ጠዋት ነው። ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ማታ። ምጧ ከተጀመረ ሁለት ቀን ሆኖት ነበር፤ ማኅፀኗ ተቀድዷል። ሕይወቷን አተረፍን፤ ማኅፀኗን ግን ማውጣት ነበረብን። ልጁም አልተረፈም። ዕድሜዋ ሃያ ሦስት ነበር። ጠዋት ባሏ ኮሪደር ላይ ጠብቆ «የዘገየነው የት ላይ ነው?» አለኝ። ወረቀቶቹን እንደገና አየኋቸው። ያልለፋ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ባለው አቅም ሞክሮ ወደሚቀጥለው ልኳታል። መልስ አጣሁ።

ያገለገላችሁ ሰዎች እውነቱን ንገሩኝ። ባለቤቴ መምህር ነው፤ የአራት ዓመት ልጅ አለችን።

---

የፍኖተ ሰላም ቀዶ ሐኪም (ሰኞ ሌሊት)

እህቴ፣ እንኳን ለዚህ አበቃሽ። እኔ ምዕራብ ጎጃም ውስጥ በቀዶ ሕክምና ስምንት ዓመት ሠርቻለሁ። ከመፈረምሽ በፊት አንድ ነገር እወቂ፤ ስፔሻሊስት ለብቻው ምንም ነው። የማደንዘዣ ባለሙያ ከሌለ እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ሁሉ ኪስሽ ውስጥ እንደ ተቀመጠ ገንዘብ ነው፤ ገበያ የለውም። ስለዚህ መጀመሪያ «የማደንዘዣ ባለሙያ ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። አንድ ብቻ ከሆነ እሱ ፈቃድ የወጣ ወይም የታመመ ቀን ኦፕራሲዮን የለም ማለት ነው።

ቀጥለሽ ማምከኛውን እይ። ይህን የምልሽ ስለ ተቃጠልኩ ነው። በነበርኩበት ሆስፒታል የማምከኛው፣ የአውቶክሌቩ፣ በር ላይ ያለው ጎማ ተቀደደ። ጎማ ብቻ! እንፋሎቱ ያፈተልካል፤ ግፊቱ አይሞላም፤ ዕቃው አይመክንም። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ትርፍ አንጀት ሳይቀር ሪፈር ጻፍኩ። ግዢው በደብዳቤ ተጠይቆ፣ ተፈርሞ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተጽፎ ነው የመጣው። የጎማው ዋጋ አንድን ታካሚ ለማድረስ አምቡላንሱ ከሚጨርሰው ነዳጅ ያንስ ነበር። ከዚያ በኋላ የሕክምና መሣሪያ ጥገና ባለሙያውንና የንብረት ክፍል ኃላፊውን እንደ ወንድሞቼ ያዝኳቸው። በየወሩ መጀመሪያ ሦስታችን ዞረን ሊያልቅ ወይም ሊበላሽ የደረሰውን እንመዘግባለን። የትኛውም የሕክምና መጽሐፍ ይህን አላስተማረኝም፤ ከሠራሁት ሁሉ ብዙ ሰው ያተረፈው ግን ይህ መዝገብ ይመስለኛል።

ሌላው፣ መሥዋዕትነት እየከፈልኩ ነው ብለሽ አትሂጂ። ያ ስሜት አንድ ዓመት ያስኬዳል፤ ሁለተኛው ላይ ምሬት ይሆናል። ባልደረቦችሽ ተወልደው ያደጉት፣ የሚሠሩትም እዚያው ነው። እነሱ መሥዋዕት ሆንን አላሉም።

---

አዋላጅ በቢቸና መስመር (ማክሰኞ ጠዋት)

ዶክተር፣ እንደምን አደሩ። እኔ በአዋላጅነት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። በእኛ በኩል ያለውን ልንገርዎት።

አንድ ሰኞ ጠዋት አንዲት እናት በሰላም ተገላገለች። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ብለን ሳንጨርስ ደሙ መጣ። ማኅፀን የሚያኮማትረውን ኦክሲቶሲን ሰጠሁ፤ ማኅፀኗ እንደ ሊጥ ልል ነው። ደገምኩ፤ ያው። ሌላ መድኃኒት፣ ሚሶፕሮስቶል ሰጥቼ፣ ማኅፀኗን በሁለት እጄ መሐል ጨምቄ ይዤ ቀረሁ። ጓደኛዬ በሁለቱም ክንዷ የደም ሥር ፈሳሽ ሰቀለች። ክንዴ እስኪደነዝዝ አልለቀቅኩም። ቆመ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በኋላ ማቀዝቀዣውን ስንከፍት ነገሩ ገባን። መድኃኒቱ የተቀመጠው በሩ ላይ ባለው መደርደሪያ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ መብራት ጠፍቶ ነበር። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ኃይሉን ያጣል። አምፑሉ ግን ሲታይ ያው ነው፤ ውኃ የመሰለ ንጹሕ ፈሳሽ። በዓይን አይለይም።

ይህን ያስተማረን ስፔሻሊስት አልነበረም። ሌላ ጤና ጣቢያ የምትሠራ አዋላጅ በስልክ ነገረችን።

አንድ ጊዜ ስፔሻሊስት መጥተውልን ነበር፤ ስማቸውን አላነሣም። እጃቸው ወርቅ ነው። ግን ስንሳሳት ይጮኹብን ነበር፤ ለምን እንደ ተሳሳትን አያስረዱንም። አምስት ወር ቆይተው ሄዱ። በሄዱ ማግሥት እኛ በነበርንበት ነበርን። ዶክተር፣ እርስዎ ቢመጡ የምለምንዎት ከጎኔ ቆመው እንዲያሳዩኝ ብቻ ነው። ሕፃኑ በቫኪዩም እንዴት እንደሚሳብ፣ መቼ መተው እንዳለበት። ሌሊት ስደውልልዎ «ለምን ደወልሽ?» እንዳይሉኝ። አንድ ጊዜ እንዲህ የተባለች አዋላጅ ሁለተኛ አትደውልም፤ ወላዷ ናት የምትጎዳው።

---

ሦስት ዓመት አገልግዬ የወጣሁ (ማክሰኞ ከሰዓት)

ሁሉም «ነይ» እያለ ስለሆነ ሌላውን ጎን ልናገር። የሕፃናት ሐኪም ነኝ። ጎጃም ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ሦስት ዓመት ሠርቼ ወጥቻለሁ። ስወጣ አልቅሻለሁ፤ የተጸጸትኩ ግን አይመስለኝም።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለሰባት ወር ቆመብን። በወር ሃያ ሌሊት ተረኛ ነበርኩ፤ ሌላ የሕፃናት ሐኪም አልነበረምና። «ተረኛ» የሚለው ቃል እንኳ ትርጉም አጣ፤ ተራ የሚባለው የሚለዋወጥ ሰው ሲኖር አይደል? ባለቤቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የቅጥር ቦታ የለም ተብላ ሦስቱንም ዓመት ቤት ዋለች። መንገድ በተዘጋ ጊዜ ደግሞ ሪፈር የሚባለው ነገር ራሱ ቀረ። የተወለደ የልብ ችግር ያለበትን ሕፃን ይዤ፣ የኦክስጅን ሲሊንደሩ መርፌ ወደ ቀይ ሲወርድ እያየሁ ያደርኩበትን ሌሊት አልረሳውም። የሞተው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እናቱ እጄን ስማ አመሰገነችኝ። ለምን እንዳመሰገነችኝ እስከ ዛሬ ያመኛል።

አትሂጂ አልልሽም፤ በቃል ተስፋ ብቻ ግን አትሂጂ። ቤት ይሰጥሻል ከተባለ የቤቱ ቁልፍ የታለ? ለባለቤትሽ ቦታ ከተባለ የትኛው ትምህርት ቤት? ትርፍ ሰዓት በየስንት ጊዜው ይከፈላል? በዓመት ቢያንስ አንድ ወር ትልቅ ሆስፒታል ሄደሽ ከአንጋፋዎች ጋር እንድትሠሪ ይፈቀዳል? ይህ የመጨረሻው ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ብቻውን የሚሠራ ሐኪም ስሕተቱን የሚነግረው ሰው የለም፤ ሳይታወቀው ይዝጋል። ሁሉንም በጽሑፍ ተቀበይ።

---

የፍኖተ ሰላም ቀዶ ሐኪም (ማክሰኞ ማታ)

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ ስለ መሥዋዕትነት የተናገርኩት አንተን የሚወቅስ ከመሰለህ ይቅርታ። ሃያ ሌሊት ማንም አይችልም። እኔ ስምንት ዓመት የቆየሁት ከአንተ ስለ በረታሁ አይደለም፤ ሁለተኛ ቀዶ ሐኪም በስድስተኛው ወር ስለ ተመደበልኝ ነው።

---

የቤተሰብ ሐኪም (ረቡዕ ጠዋት)

እኔ ደግሞ ከሌላ አቅጣጫ ልግባ። ያጠናሁት የቤተሰብ ሕክምና ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረ የሦስት ዓመት ስፔሻሊቲ ነው፤ ብዙ ሰው መኖሩን እንኳ አያውቅም። እርጉዟንም ሕፃኑንም አያቱንም በአንድ ክፍል የሚያይ ሐኪም እንዲወጣ ታስቦ ነው።

በአገራችን አሠራር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል ነው የታሰበው። ጠቅላላ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን። ከሥር ጤና ጣቢያዎች አሉ፤ በገጠር አንዱ እስከ 25,000 ሰው ይይዛል። ከእነሱ ሥር ጤና ኬላዎች፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በየቀበሌው የተሰማሩት ሁለት ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያሉበት። እህቴ፣ ያሳየሽንን ሦስት የሪፈር ወረቀት በዚህ መሰላል ላይ አስቀምጪው። የሴትዮዋ ሰዓት ያለቀው በደረጃዎቹ መካከል ነው። አንቺ ሆስፒታሉ ውስጥ ተቀምጠሽ ብትጠብቂ ሦስተኛውን ወረቀት ታስቀሪያለሽ፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አይደለም።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ማክሰኞ ማክሰኞ ተመላላሽ ታካሚ አላይም፤ አንድ ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። አራት ስላሉን እያንዳንዱ በወር አንዴ ይደርሰዋል። ከአዋላጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ያለፈውን ወር የምጥ መከታተያ ቅጾች አንድ በአንድ እናያለን። ማን ቶሎ መላክ ነበረባት? ማን ሳያስፈልጋት ተላከች? በመጀመሪያው ወር ቅጾቹ ንጹሕና ያማሩ ነበሩ፤ ከወለደች በኋላ የተሞሉ መሆናቸው ያስታውቃል። ማንንም አልተቆጣሁም። በአራተኛው ወር ስርዝ ድልዝ የበዛባቸው፣ የግሉኮስ ጠብታ የነካቸው ቅጾች መምጣት ጀመሩ። ያን ቀን ደስ አለኝ፤ ምጡ እየሄደ የተሞሉ ነበሩና።

የእናቶች ማቆያውንም አትርሺ። ቤቷ ሩቅ የሆነች፣ ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን የወለደች እናት መውለጃዋ ሳይደርስ መጥታ ትቆይ። እኛ ጋ ዱቄቱንና ቅቤውን ያዋጣው የአካባቢው ሰው ነው፤ ገንፎው እዚያው ይገነፋል። በአጨዳ ወቅት ግን ማቆያው ባዶ ነው። ጤፍ ማሳ ላይ እያለ ማን ቤቱን ትቶ ይተኛል? ለኅዳርና ለታኅሣሥ የተለየ ዘዴ ያስፈልጋል። እኛ ለጊዜው ያገኘነው የኤክስቴንሽን ሠራተኞቹ በስልክ ስም ዝርዝር እንዲይዙ ማድረግ ብቻ ነው።

---

የጮቄ ግርጌ ልጅ (ረቡዕ ማታ)

እኔ የጤና ባለሙያ አይደለሁም። ስታወሩ አንብቤ ዝም ማለት አልቻልኩም።

እናቴ ዝሆኔ ነበረባት። በእኛ አገር በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግሩ ያረሰና ውኃ የቀዳ ስንቱ እግሩ አብጧል! ሰው የዘር ነው ይል ነበር፤ እርግማን ነው የሚልም አለ። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ከሰው ኋላ፣ ከአጥሩ ሥር ትቆማለች። ሽታው ሰው እንዳያስቀይም ብላ። ልጅ ሆኜ ለምን ወደ ፊት እንደማንሄድ አይገባኝም ነበር።

አንድ የቆዳ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደ ቀበሌያችን መጡ። መርፌ ወይም ውድ መድኃኒት የጠበቀ ሰው ብዙ ነበር። ሐኪሙ ባልዲ አስቀርበው፣ ውኃ አስሞልተው፣ ጥቂት በረኪና ጠብ አድርገው ተንበረከኩ። የእናቴን እግር በገዛ እጃቸው አጠቡ። በሳሙና፣ በጣቶቿ መካከል፣ በእጥፋቱ ሁሉ። አደረቁት፤ ቅባት ቀቡት። «በየቀኑ እንዲህ ያድርጉ እማማ፤ ጫማና ካልሲም አይለዩዎት። በሽታው ከአፈሩ ነው፤ ከእርስዎ ወደ ማንም አይተላለፍም» አሏት። የመጨረሻውን ጮክ ብለው ነው የተናገሩት፤ ጎረቤት ሁሉ እንዲሰማ። በዓመቱ እብጠቱ ሙሉ በሙሉ ባይጠፋም ቁስሉ ደረቀ፤ ሽታው ጠፋ። እናቴ እስክታርፍ ድረስ ቅዳሴ የምትቆመው ከሴቶቹ ጋር፣ ከፊት ነበር።

ሐኪሙ በየሦስት ወሩ ይመለሱ ነበር፤ የሰዉን ስም ያውቁ ነበር። ዶክተር እህታችን፣ እርስዎ ሕክምናውን ያውቁታል። እኔ የምልዎት ስማችንን እስኪያውቁት ድረስ ይቆዩ ነው።

---

ሥራ አስኪያጅ ነበርኩ (ሐሙስ)

የወረዳ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ሠርቻለሁ፤ በዚህ ውይይት ለተነሣው ብዙው ነገር ተጠያቂው እኔን መሰል ሰው ነው። ስለዚህ የታዘብኩትን ልናገር።

ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የማታውቁት፣ ሆስፒታሉ የውስጥ ገቢውን ለራሱ ማሻሻያ እንዲጠቀም የተፈቀደለት መሆኑን ነው። የሚያጸድቀው የሥራ አመራር ቦርዱ ነው። የአውቶክሌቭ ጎማ፣ የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የሐኪም መኖሪያ ኪራይ ሳይቀር በዚያ ሊታይ ይችላል፤ ጥያቄው ግን ዕቅድ ሲዘጋጅ መግባት አለበት። ዓመቱ ከተጋመሰ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ፣ ምንም ያህል እውነት ቢሆን፣ በጀት የለውም። ዶክተር፣ ግንቦት ላይ ቦርዱ ፊት ቅረቢ። የላክናቸውን ወላዶች ቁጥርና የአምቡላንሱን ነዳጅ ይዘሽ ቅረቢ። ቦርዱ ውስጥ ያሉት ሰዎች እህትና ሚስት አላቸው፤ ቁጥሩ ሲነገራቸው ይሰማሉ።

ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድህንም አለ። እ.ኤ.አ. በ2011 አማራን ጨምሮ በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር ብዙዎቻችን ይዘልቃል አላልንም ነበር። አባል የሆነ ገበሬ ሚስቱን ሪፈር ስንጽፍለት «ከፍያለሁ፤ ለምን እዚሁ አትታከምም?» ይላል። ልክ ነው። በየዓመቱ መዋጮውን የሚያድሰው አገልግሎቱ እዚያው ሲኖር ነው። ስፔሻሊስት መቅጠር ወጪ ብቻ ሆኖ ይታየን ነበር፤ ተሳስተን ነበር።

የትርፍ ሰዓት ክፍያ ለዘገየበት ወንድሜ፦ በእኔም ጊዜ ዘግይቶ ያውቃል። ምክንያት ልደረድርልህ አልፈልግም። ይቅርታ።

---

ሦስት ዓመት አገልግዬ የወጣሁ (ሐሙስ ማታ)

ይህን ይቅርታ ከአንድ ኃላፊ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

እህቴ፣ ከሄድሽ አዲስ የተወለዱ ሕፃናት ክፍሉን በተመለከተ በማንኛውም ሰዓት ጻፊልኝ። ሌሊትም ቢሆን እመልሳለሁ። ይህን ያህል ማድረግ እችላለሁ።

---

አዊ ተወልጄ (ከሦስት ሳምንት በኋላ)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የጻፋችሁትን ባለቤቴ ሁለት ጊዜ አነበበው።

ወደ ሆስፒታሉ ተመልሼ ሄድኩ፤ በዚህ ጊዜ ጥያቄ ይዤ። የማደንዘዣ ባለሙያ ሁለት ናቸው። አውቶክሌቩ ይሠራል፤ መለዋወጫ ጎማ ግን የለውም፤ በዕቅድ እንዲገባ አስጽፌአለሁ። ደም ከደብረ ማርቆስ ደም ባንክ ነው የሚመጣው። መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚያደርጉ ስጠይቅ ዝም አሉ። ስለዚህ የተወሰነ ከረጢት ሁልጊዜ በግቢው ማቀዝቀዣ እንዲቀመጥ ጠየቅኩ፤ ሥራ አስኪያጁ ደብዳቤውን ከፊቴ ፈረመ። ለባለቤቴ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ቦታ ተገኝቷል። በዓመት አንድ ወር ባሕር ዳር ሄጄ እንድሠራ የሚፈቅደው በጽሑፍ ተሰጥቶኛል። የትርፍ ሰዓቱን ጉዳይ በቃል ነው የነገሩኝ፤ እሱ ላይ ገና እከራከራለሁ።

ለሁለት ዓመት ፈርሜአለሁ። ስለ ሦስተኛው ዛሬ ቃል አልገባም።

አባቴ ስነግረው ብዙ አላለም። «ያችን ባለ ሦስት ወረቀት ሴትዮ አግኝተሻት ታውቂያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። አላገኘኋትም። ቀበሌዋ ከሆስፒታሉ ከሁለት ሰዓት በላይ አያስኬድም። በመጀመሪያው ወር ልጠይቃት እሄዳለሁ።

አዋላጇ እህቴ፣ ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ። ለማዋለጃ ክፍላችን የማቀዝቀዣ ቴርሞሜትር ገዝቻለሁ፤ አንድ ደግሞ ለእናንተ። በማን በኩል ልላክልሽ?

---

አዋላጅ በቢቸና መስመር (በዚያው ምሽት)

ዶክተር፣ እንኳን ደህና መጡ! ቅዳሜ ለገበያ ወደ እናንተ ከተማ የሚመጣ የአምቡላንስ ሾፌራችን አለ፤ እሱ ይቀበልዎታል። የእርስዎን ቴርሞሜትር በሩ ላይ አይስቀሉት፤ መሐለኛው መደርደሪያ ላይ፣ ከመድኃኒቱ ጎን ያስቀምጡት። ጠዋትና ማታ የሚጻፍበት ወረቀትም በሩ ላይ ይለጠፍ፤ እሑድንም ጨምሮ። እኛ እሑድን ረስተን ነው።